አሮጌ መኪናችሁን እቤት እንዴት ትመረምራላችሁ፣ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት

ከአመታት በፊት የነበረችኝ መኪና ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ሳዞረው ቀጭ ብቻ ብላ ዝም ትል ነበር። ባትሪ ቀየርኩ፣ ሁለት ሳምንት ደህና ሰነበተችና ተመለሰባት። ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ነው ተባልኩ፣ እሱንም ቀየርኩ። ቀጥሎ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ተፈታ። በመጨረሻ ችግሩ ምን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ፣ ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድ፣ ላዩን ስታዩት ደህና ነው ውስጡ ግን አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። ያንን በቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ከዛ ጊዜ ጀምሮ ሳልለካ ዕቃ አልቀይርም፣ እዚህ የምጽፈውም በዚሁ መንገድ ነው፣ መጀመሪያ መስማት፣ ከዛ ማየት፣ ከዛ መለካት፣ መፍታት በስተመጨረሻ።

አሮጌ መኪና ለዚህ ስራ ጥሩ ነው ደሞ። ኮፈኑን ስትከፍቱት ዕቃው ይታያል፣ እጅ ይገባል፣ ብዙው ነገር በተራ ቁልፍ ይፈታል።

መጀመሪያ ደህንነት

ይሄን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ስር በፍጹም አትግቡ። ክሪክ ለማንሳት ነው የተሰራው፣ ለመያዝ አይደለም፣ ዘይቱ ሊያመልጥ ይችላል፣ ሊንሸራተትም ይችላል። መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን፣ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ስር ታኮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ካነሳችሁ በኋላ የመኪናው መመሪያ በሚያሳየው ቦታ ካቫሌቶ (መኪና የሚያርፍበት የብረት እግር) አስገቡና መኪናውን ካቫሌቶው ላይ አሳርፉት፣ ከዛ ከመግባታችሁ በፊት በእጃችሁ ጠንከር አርጋችሁ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ እንደገና።

ኤሌክትሪክ ነክ ስራ ስትሰሩ የባትሪውን ኔጌቲቭ መጀመሪያ ፍቱ፣ ስትመልሱ ደሞ መጨረሻ ግጠሙ። ቀለበትና ሰአት አውልቁ፣ ቁልፍ ወይ ቀለበት ፖዘቲቩንና ቦዲውን ካገናኘ በሰከንድ ይግላል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አታስነሱ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሳታውቁት ይጥላችኋል። የጋለ ራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። አንዳንድ ፋን ሞተሩ ጠፍቶም በራሱ ሊነሳ ስለሚችል እጃችሁን ከሱ አርቁ።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም። ቴስተር (ርካሹም ይሰራል)፣ የቁልፍ ስብስብ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ ቁልፍ (ካንዴላ ሲሊንደር ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው ነው)፣ ጥሩ ባትሪ መብራት፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ ሁለት ካቫሌቶ። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ካለውና መኪናው ኦቢዲ-2 (የመኪናው ኮምፒውተር ያገኘውን ችግር በኮድ የሚናገርበት ስርአት) ከሆነ ትንሽ ኮድ ማንበቢያ ግዙ። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ጀምሮ የተሸጡ፣ አውሮፓ ውስጥ ደሞ ከ2001 ጀምሮ የወጡ የቤንዚን መኪናዎች (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር) ሶኬቱ አላቸው፣ ብዙ ጊዜ ከመሪው ስር ነው ያለው፣ 16 ቀዳዳ አለው። አንድ ደብተርም ያዙ፣ በስንት ኪሎሜትር ምን እንደተቀየረና የለካችሁትን ቁጥር ሁሉ እዛ ላይ ጻፉ፣ የዛሬ አመት በጣም ትፈልጉታላችሁ።

አልነሳም ሲል

ቁልፉን አዙሩና ስሙ፣ ድምጹ ግማሹን መልስ ይሰጣችኋል።

ምንም ድምጽ ከሌለና የዳሽቦርዱም መብራት ከሞተ ባትሪው ባዶ ነው ወይ ገመዱ ለቋል። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ በፍጥነት ከደጋገመ ባትሪው ደክሟል ወይ ግንኙነቱ ቆሽሿል። አንድ ጠንካራ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖው፣ ወይ ወደሱ የሚሄደው ገመድ፣ ወይ ማሳው ነው። መብራቱ ደህና ሆኖ ቀጭ እንኳን ካላለ ደሞ የቁልፉን ስዊች ተጠራጠሩ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ኤን ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ አንዳንድ ማንዋል መኪና ላይም ፍሪሲዮን ካልተረገጠ የማያስነሳ ስዊች አለ።

አሁን ቴስተሩን አውጡ፣ ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉት። ባትሪውን መለካት ያለባችሁ መኪናው ጥቂት ሰአት ከቆመ በኋላ ነው፣ ከተነዳ ወዲያው ከለካችሁት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያሳስታችኋል። 12.6 እና ከዛ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 አካባቢ ሶስት አራተኛ ገደማ። ወደ 12.0 ከወረደ ባዶ ሊባል ይችላል፣ ቻርጅ ሳታደርጉ ሌላ ምርመራ ውስጥ አትግቡ ምክንያቱም በደከመ ባትሪ የሚደረግ ምርመራ ሁሉ ውሸት ነው።

ቀጥሎ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር አድርጉና ሞተሪኖው እየሰራ ቁጥሩን እዩ። ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ፣ ባትሪው ሞልቶ እያለ ማለት ነው፣ ባትሪው ውስጡ ሞቷል፣ ወይ ደሞ ሞተሪኖው ከልክ በላይ ይስባል። መኪናው ከተነሳ በኋላ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ማየት አለባችሁ። 12 ቮልት ላይ ከቀረ ዲናሞው እየሞላ አይደለም (የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጊያውን እዩ መጀመሪያ፣ ላልቶ ወይ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል)፣ 15ን ካለፈ ደሞ የዲናሞውን ቮልት የሚገድበው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፣ እንዲህ ከቆየ ባትሪውን ያፈላዋል፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ያመጣል።

አሁን ያቺ ባለማድረጌ ሁለት ዕቃ ያስቀየረችኝና ዲናሞ ያስፈታችኝ ምርመራ። ብዙ ሰው አያውቃትም፣ እንደሷ የምትጠቅም ግን የለችም። የቴስተሩን ጥቁር የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ አድርጉ፣ መያዣው ላይ ሳይሆን እራሱ የእርሳሱ ምሰሶ ላይ። ቀዩን ደሞ ንጹህ የሞተር ብረት ላይ። ሰው ቁልፉን ያዙር። ገመዱ ጤነኛ ከሆነ ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ ነው የሚያሳየው። 0.2 ወይም 0.3 ካለፈ በማሳው መስመር ላይ የሆነ ቦታ ኤሌክትሪኩ ይታነቃል፣ ወይ ገመዱ ተበልቷል ወይ ብሎኑ ዝጓል ወይ ስሩ ቀለም አለ። በፖዘቲቩም እንደዛው ከባትሪው ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ብሎን ድረስ ለኩ፣ እዛ ግማሽ ቮልት ካለፈ ችግር ነው። ይሄ የሚለካው ኤሌክትሪክ እየፈሰሰ ባለበት ሰአት ብቻ ስለሆነ ቁልፉ ሳይዞር ብትለኩ ምንም አይነግራችሁም። ሞተሩ መሀል ላይ እንዳይነሳባችሁ የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝ ንቀሉ፣ ገመዱንና እጃችሁንም ከቺንጊያና ከፋን አርቁ።

የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ወይ አረንጓዴ ነገር ከተከመረ ፍቱትና በቤኪንግ ሶዳና በሞቀ ውሃ እጠቡት፣ ሽቦ ብሩሽ ምቱት፣ አድርቁ፣ አጥብቃችሁ ግጠሙ፣ ከላይ ግሪስ ቀቡት። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ አሲድ ነው።

ባትሪው ደህና ሆኖ ሌሊት ሌሊት የሚያልቅ ከሆነ የሆነ ነገር ተደብቆ እየበላው ነው። ሁሉንም አጥፍታችሁ፣ ኔጌቲቩን ፈትታችሁ፣ ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርጋችሁ በገመዱና በምሰሶው መሀል አስገቡት። ኮምፒውተር ያለው መኪና እስኪተኛ ግማሽ ሰአት ጠብቁት። ከ0.05 አምፒር በላይ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፣ ቁጥሩ ድንገት የወረደበት ፊውዝ የጥፋቱን መስመር ያሳያችኋል፣ ብዙ ጊዜ የሻንጣ ክፍል መብራት ወይ ሰው በኋላ የገጠመው ቴፕ ወይም አላርም ነው። ቴስተሩ እንደዛ እንደተገጠመ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ፣ የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥለዋል።

በሌላ መኪና ባትሪ ስታስነሱ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ቀዩ ገመድ መጀመሪያ የሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ቀጥሎ የሌላኛው ጫፍ ደህናው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩ ደህናው ኔጌቲቭ ላይ፣ የመጨረሻው ጫፍ ግን የሞተው መኪና ሞተር ብረት ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ። መጨረሻ ስታገናኙ ብልጭታ ይፈጠራል፣ ባትሪ ደሞ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ነው ከሱ የምትርቁት። ስትፈቱ በተቃራኒው።

ይዞራል ግን አይነሳም

ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ እያዞረው ካልተነሳ የቤንዚን ሞተር የሚፈልገው እሳት፣ ነዳጅ፣ አየርና እመቃ (ፒስተኑ አየሩንና ቤንዚኑን አፍኖ መጭመቁ) ነው፣ ሁሉም በሰአታቸው። አንዱ ጎድሏል ማለት ነው፣ ስራችሁ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው።

እሳቱን ለማየት የእሳት መፈተሻ የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች፣ እሷን ተጠቀሙ። ከሌላችሁ አንድ ካንዴላ ነቅላችሁ ገመዱ ላይ ሰክታችሁ የካንዴላውን ብረት በጃምፐር ገመድ ከሞተሩ ጋር በደንብ አያይዙት፣ ከካንዴላው ቀዳዳ አርቁት፣ በእጃችሁ ግን አትያዙት፣ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ነው። የነዳጅ ፊውዙን ነቅላችሁ አዙሩ። ሰማያዊ ኃይለኛ ብልጭታ ጥሩ ነው፣ ደብዘዝ ያለ ብርቱካናማ ደካማ ነው፣ ምንም ከሌለ ከፍተኛውን ቮልት ወደሚፈጥረው ቦቢና፣ እሳቱን ለየካንዴላው ወደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ክዳንና ውስጡ ወደሚዞረው ሮተር ሂዱ። ክዳኑን ከፍታችሁ እዩት፣ ቀጭን ጥቁር መስመር የሚመስል ስንጥቅ፣ እርጥበት፣ የተበላ ነጥብ። በእርጥበት ቀን ብቻ የሚያስቸግር አሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ነው፣ አድርቁትና ሞክሩ። በፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተ እየተዘጋ እሳት የሚያስነሳ ነጥብ) የሚሰራ በጣም አሮጌ ከሆነ የፑንቲናው ክፍተት ወደ 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ትክክለኛውን ከመመሪያው እዩ።

ነዳጅ ላይ፣ የኢንጀክሽን መኪና ከሆነ ቁልፉን ሳታስነሱ ኦን ላይ ስታደርጉት ከኋላ ወንበር አካባቢ ለሁለት ሰከንድ ያህል ዝዝዝ የሚል የፖምፓ ድምጽ መስማት አለባችሁ። ከሌለ ፊውዙን እዩ፣ ሪሌውን (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ሳጥን) በተመሳሳይ ሪሌ (የጡሩምባ ለምሳሌ፣ ቁጥሩ አንድ አይነት ከሆነ) ለውጣችሁ ሞክሩ። ካርቡሬተር ከሆነ የአየር ፊልትሮውን አንሱ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ወደ ጉሮሮው እያያችሁ የቤንዚን መስጫውን በእጅ አንቀሳቅሱት፣ ቤንዚን ፍ ብሎ ሲረጭ መታየት አለበት። ካልረጨ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የለም፣ ፊልትሮውን፣ ፖምፓውን ወይ ሰልባትዮው ውስጥ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ፈልጉ።

ብዙ ሞክራችሁ ቤንዚን ከሸተታችሁ ሞተሩ ጠግቧል። ቤንዚኑን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ይዛችሁ አዙሩት፣ አብዛኛው ኢንጀክሽን እንደዛ ሲሆን ቤንዚን ያቆማል፣ ካርቡሬተሩም ላይ አየር ይበዛለታል።

እሳትም ነዳጅም ካለ እመቃ ነው ሚቀረው። የእመቃ መለኪያ ተዋሱና ሁሉንም ካንዴላ ነቅላችሁ፣ እሳቱንና ነዳጁን አቋርጣችሁ፣ ቤንዚኑን እስከታች ረግጣችሁ ለኩ። እኔ ከቁጥሩ ይበልጥ የማየው ልዩነቱን ነው፣ በሲሊንደሮቹ መሀል ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት ካለፈ ችግር አለ። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ሞተር ዘይት ጨምራችሁ ድገሙ፣ ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ ካልጨመረ ባልቦላው (ቫልቩ) ወይ የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በነሱ መሀል ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነዷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ሁሉም በአንዴ ከወደቁና ሞተሩ ሲዞር ድምጹ ቀለል ብሎ ከፈጠነ ታይሚንግ ቺንጊያው (ባልቦላዎቹን ከፒስተኑ ጋር በሰአቱ የሚያስኬደው ቀበቶ) ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ማዞር አቁሙ።

ካንዴላውና ጭሱ የሚናገሩት

ካንዴላ ስትነቅሉ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ እያወቃችሁ በተራ ደርድሩት። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡኒ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን በዝቷል ወይ የአየር ፊልትሮው ታፍኗል። እርጥብ ዘይት ከሆነ ዘይት እየገባ ነው። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከሆነ ደሞ ቤንዚን አንሷል ወይ ከልክ በላይ ይግላል፣ ይሄ ፒስተን የሚያቀልጥ ነገር ስለሆነ አትተዉት። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ ችግሩ የዛ ሲሊንደር ነው። ስትመልሱት ሞተሩ ቀዝቅዞ በእጃችሁ ጀምሩት፣ አልሙኒየም ቴስታታ ላይ ጥርስ ማበላሸት ቀላል ነው። ክፍተቱም ብዙ ጊዜ ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ነው፣ ትክክለኛው ከመኪና መኪና ይለያያል።

ጭሱን በተመለከተ ጠዋት ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የባልቦላ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ላስቲክ) ነው፣ ቤንዚን ስትሰጡት የሚብስ ሰማያዊ ደሞ ፋሻ። ጥቁር ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ጠዋት ላይ ብቻ ታይቶ ከጠፋ እንፋሎት ነው፣ ችግር የለውም፣ ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለና ጣፋጭ ሽታ ካለው ግን የራዲያተር ውሃ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ ነው።

ሲግል

የሚግል ሞተር ይዛችሁ ትንሽ ልጨርስ ብላችሁ እንዳትነዱ እለምናችኋለሁ። በጥቂት ደቂቃ ቴስታታ ይጣመማል፣ ከዛ በኋላ ያለው ወጪ ከቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፍ በር) ጋር አይወዳደርም። መርፌው መውጣት ሲጀምር ኤሲውን አጥፉ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከመጨረሻው ክፈቱት፣ እሱ እራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ሙቀቱን ይስባል፣ ከዛ ዳር ይዛችሁ አጥፉ። ክዳኑን ለመክፈት የላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ ወፍራም የላስቲክ ቱቦ) በእጅ ሲያዝ እስኪበርድ ጠብቁ።

መቼ ነው የሚግለው? ቆማችሁ ወይ በትራፊክ መሀል ግሎ ስትነዱ ከበረደ ፋኑ ነው፣ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ የሙቀት ስዊቹን እዩ። ኤሲ ስትከፍቱ ፋኑ የሚነሳ ከሆነ ፋኑ ራሱ ደህና ነው፣ የሚያዘው ስዊች ነው የተበላሸው። በፍጥነት ስትነዱ ወይ ዳገት ላይ ብቻ ከጋለ ራዲያተሩ ታፍኗል ወይ የውሃ ፖምፓው ደክሟል። ከቀዝቃዛ ተነስቶ በጥቂት ደቂቃ ከጋለና የላይኛው ማኒኮቶ ሲያቃጥል የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ ሳይከፈት ቀርቷል፣ ብዙዎቹ ከ82 እስከ 92 ዲግሪ መሀል ነው የሚከፈቱት። ነቅላችሁ ድስት ውስጥ ውሃ አፍልታችሁ ክተቱት፣ ሲከፈት በአይናችሁ ታያላችሁ። ቴርሞስታት አውጥቶ ያለሱ መንዳት የሚመክሩ ሰዎች አሉ፣ አታድርጉት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሰራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል።

ክዳኑን አትናቁት። የራዲያተር ክዳን ብዙ ጊዜ 1 ባር አካባቢ ግፊት ይይዛል፣ በዛ ግፊት ግማሽ ውሃ ግማሽ ኩላንት የሆነው ድብልቅ ከ120 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። ላስቲኩ ከተበላ ግፊቱ ያመልጣል ውሃው ቀድሞ ይፈላል፣ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ከጠረጠራችሁት ቀይሩት። ንጹህ ውሃ ብቻ መጨመርም ውስጡን ያዝጋል፣ ኩላንት ዝገት ይከላከላል። ኩላንት መሬት ላይ ከፈሰሰ ግን ወዲያው እጠቡት፣ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻና ድመት ይልሱታል ይሞታሉም፣ ህጻናትም ካሉ ቆርቆሮውን አርቁ።

ውሃ በሞላችሁ ቁጥር አየሩን አውጡ። መኪናው ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ቢቻል የፊት ለፊቱ ከፍ ብሎ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ማሞቂያው እስከመጨረሻው ተከፍቶ ሞተሩን አስነሱ፣ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ይወርዳል፣ ሙሉት፣ ነፋሱ እስኪያልቅ። ነፋሱ ጭራሽ የማያልቅና ያለማቋረጥ ጉብ ጉብ የሚል ከሆነ፣ ወይም የዘይት ክዳኑ ስር ወተት የመሰለ ነገር ካለ፣ ወይ ውሃ ሳይፈስ የሚያንስ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥሩ። እርግጠኛ ለመሆን ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው መፈተሻ አለ፣ የተቃጠለ ጋዝ ካገኘው ወደ ቢጫ ይቀየራል።

ሚኒሞ ላይ ሲንቀጠቀጥ

ሞተሩ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ወይ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳትረግጡ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ሲወጣና ሲወርድ መጀመሪያ የምፈልገው የሚገባ ትርፍ አየር ነው። የአሮጌ መኪና ላስቲክ ቱቦዎች ይደርቃሉ ይሰነጠቃሉ። ሞተሩ ሲሰራ ስስስ የሚል ድምጽ ስሙ፣ ቱቦዎቹንና የኢንቴክ ማኒፎልዱን መጋጠሚያ በሳሙና ውሃ በቀጭኑ ርጩ፣ የሆነ ቦታ ስትረጩ የሞተሩ ድምጽ ከተለወጠ አገኛችሁት። የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ የሚጠቀሙ አሉ፣ ይሰራል ግን የጋለ ብረት ላይ እሳት ይይዛል፣ ለዛ ነው ሳሙና የምመርጠው።

ኮድ ካለው አንብቡት ግን ኮዱን እንደ ዕቃ ስም አትዩት። ፒ0171 ማለት አየር በዝቷል ወይ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው፣ ኦክስጅን ሴንሰር ቀይር ማለት አይደለም። ፒ0300 በተለያዩ ሲሊንደሮች ላይ መተኮስ ቀርቷል፣ ፒ0302 ከሆነ ሁለተኛው ሲሊንደር ነው። እዚህ ላይ በነጻ የሚሰራ ዘዴ አለ፣ በየካንዴላው ላይ ቦቢና ያለው መኪና ከሆነ የሁለተኛውን ቦቢና ከሶስተኛው ጋር አለዋውጡት፣ ኮዱን አጥፉ፣ ንዱት። ኮዱ ፒ0303 ሆኖ ከመጣ ቦቢናው ነው፣ ሁለተኛው ላይ ከቀረ ካንዴላውን አለዋውጡ፣ አሁንም ከቀረ ኢንጀክተር ወይ እመቃ። ምንም ሳትገዙ አወቃችሁ።

ዘይት መቀየር

ይሄ ቀላሉ ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ሞተሩን ትንሽ አሙቁት፣ በጣም እንዳያቃጥላችሁ፣ ካቫሌቶ ላይ አድርጉት፣ የላይኛውን ክዳን ክፈቱ፣ ከስር መያዣ አድርጋችሁ ብሎኑን ፍቱ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪያቆም ይፍሰስ። ፊልትሮውን ስትፈቱ የድሮው ጎሚኒ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር አረጋግጡ፣ ሁለት ጎሚኒ ላይ ከተገጠመ ዘይቱን ሁሉ ያፈሰዋል። የአዲሱን ጎሚኒ በዘይት ቀቡ፣ በእጅ እስኪነካ አጥብቁና ከዛ ሶስት አራተኛ ዙር ጨምሩ። የብሎኑን ዋሸር ቀይሩ። ከሚባለው መጠን ትንሽ አንሳችሁ ሙሉ፣ አስነሱ፣ አጥፉ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ በመለኪያው እያያችሁ ሙሉት። አብዛኛው መኪና ላይ በሁለቱ ምልክት መሀል ያለው ወደ 1 ሊትር ነው። ከላይኛው አታሳልፉ፣ ዘይቱ አረፋ ይሆናል። ያረጀ ሞተር ላይ እኔ በ5 ሺህ ኪሎሜትር እቀይራለሁ፣ ብዙ ባይነዳም በአመት አንዴ። የተጠቀማችሁበትን ዘይት መሬት ወይ ቦይ ውስጥ አትድፉ፣ በዕቃ አጠራቅማችሁ ለሚቀበል ስጡ።

የዘይት ግፊት ቀይ መብራት እየነዳችሁ ከበራ ወዲያው አጥፉ፣ ቤት ደርሼ ማለት የለም።

ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ማታ ስሩ ካርቶን አንጥፉና ጠዋት እዩት። ቡኒ ጥቁር የሞተር ዘይት፣ ቀይ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይ የመሪ፣ አረንጓዴ ወይ ሮዝ ሆኖ የሚጣፍጥ ሽታ ያለው ኩላንት፣ ንጹህ ውሃ ከሆነ የኤሲ ነው ተዉት። ጎማ አጠገብ ቀለም የሌለው ወይ ቢጫማ የሚያንሸራትት ፈሳሽ ካያችሁ ግን የፍሬን ነው፣ መኪናውን አታንቀሳቅሱት።

ፍሬን

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር ገብቷል። ረግጣችሁ ይዛችሁት ቀስ እያለ ወደ ታች ከወረደ ከውጪ የሚፈስ ካልታየ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ውስጡ አልቋል። ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ አንዱ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) ተጣብቋል ወይ ሸራው ዘይት ነክቶታል፣ ትንሽ ነድታችሁ ሳትነኩ እጃችሁን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጉ፣ ከሌሎቹ የተለየ ሙቀት ያለው እሱ ነው። መሪው ወይ ፔዳሉ ስትይዙ ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ነው።

ሸራው ከ3 ሚሊሜትር ካነሰ ቀይሩት፣ የግራና የቀኙን አንድ ላይ። ካሊፐሩን ስትፈቱ በጎማ ቱቦው አታንጠልጥሉት፣ በሽቦ እሰሩት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአየር አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የካሊፐሩን ፒስተን ስትመልሱ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን እያያችሁ፣ ሞልቶ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይልጠዋል።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፣ ስለዚ በ2 አመት ይቀየር። ዶት 3 እና ዶት 4 ይቀላቀላሉ፣ ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከነሱ ጋር አይቀላቀልም። አየር ስታወጡ ብዙ መኪና ላይ ከዋናው ፖምፓ በጣም ከራቀው ጎማ ነው የሚጀመረው። ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፣ እናንተ ቫልቩን ክፈቱ፣ ፔዳሉ ወለል ሲደርስ ዝጉ፣ ከዛ በኋላ ብቻ ይልቀቀው። ቫልቩ ክፍት ሆኖ ከለቀቀ አየር መልሶ ይስባል። ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅ በየጥቂቱ ሙሉት። ጨርሳችሁ ከመንዳታችሁ በፊት ፔዳሉ ጠንካራ እስኪሆን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ የመጀመሪያውን ሙከራ በእግር ጉዞ ፍጥነት አድርጉ። ፔዳሉ አሁንም ካላሳመናችሁ አትውጡ፣ ባለሙያ እቤት ድረስ ይምጣ።

ድምጽ፣ ጎማና ታይሚንግ

መሪ እስከመጨረሻው አዙራችሁ ስትነዱ ቀጭ ቀጭ ካለ የአክስሉ ጆንት ነው፣ የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ግሪሱ ወጥቷል። ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ሁምምም የሚል ድምጽ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ነው፣ ወደ አንድ ጎን ስትዞሩ ከጨመረ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው በኩል ያለው ነው። ጎማውን አንስታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ፣ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታ ወይ የኳስ መጋጠሚያ፣ ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ከተንቀሳቀሰ ቴስቲኒ (የመሪው ዘንግ ጫፍ)።

የጎማው ጥርስ በብዙ አገር ዝቅተኛው 1.6 ሚሊሜትር ነው፣ ዕድሜውን ደሞ ጎኑ ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች ታነባላችሁ፣ 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 ሀያ ሶስተኛው ሳምንት የተሰራ ነው። ጥርሱ ደህና ሆኖ ጎኑ ከተሰነጣጠቀ አትመኑት። ንፋስ ስትለኩ ጠዋት ሳይነዳ። ዳዶዎቹን በኮከብ ቅርጽ አጥብቁ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ፈትሹ።

ታይሚንግ ቺንጊያ ያለው ሞተር ከሆነ፣ ሰንሰለት ያልሆነ ማለቴ ነው፣ ብዙዎቹ ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ኪሎሜትር መሀል ነው የሚቀየሩት፣ የአመት ገደብም አላቸው ላስቲክ ስለሆነ። በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጊያው ሲበጠስ ፒስተኑ ባልቦላውን ያገኘዋል፣ ቴስታታ ማውረድ ነው ከዛ በኋላ። መኪናውን ከሌላ ሰው ከገዛችሁና መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ሲቀየር የውሃ ፖምፓውና መወጠሪያው እዛው ውስጥ ከሆኑ አብረው ይቀየሩ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ያንን ሁሉ መፍታት የለባችሁም፣ ከዛ የቀየራችሁበትን ቀንና ኪሎሜትር ደብተሩ ላይ ጻፉና አንዱን ኮፒ ኮፈኑ ስር ለጥፉት፣ ከናንተ በኋላ የሚገዛውም ሰው ያየዋል።